ኮሶዬ ኬላ ላይ የተያዘው አየር

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ከግቢያችን በር ውጪ አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። "ፉሽሽሽ..." አለና ዝም። አንሶላው ከእጄ ወድቆ ጭቃ ነካ፤ እናቴ ግን አልተቆጣችኝም፤ እሷም ሰምታለች። ለአባዬ ማኪናዋን መልሰውለታል! ከሆዷ ስር ያለው የአየር በርሚልም አብሯት መጥቷል።

አባዬ ከተፈታ ቆይቷል። ሥራውን ስላልመለሱለት ግን ቤት ውስጥ ግድግዳ እያየ ይቀመጥ ነበር። ይህን ታሪክ ከዚህ በፊትም ልጽፈው ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። መጨረሻውን የማላውቀውን ነገር እንዴት አድርጌ ልጻፍ? አሁን ግን ደስ ብሎኛልና ልጻፈው። ነገሩ የሆነው አምና ጥቅምት ላይ ነው። ከልቤ የማይወጣው ደግሞ አባዬ ስለተያዘ ብቻ አይደለም፤ አያ ደሴ በሚባሉ ሰው ምክንያት ነው።

አባዬ ሾፌር ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በመስክ ማኪና መድኃኒት ያመላልሳል፤ ሲመለስ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን በሽተኛ ይጭናል። ያ መንገድ ጎማ ይበላል። ጎማ ሲተነፍስ አውርዶ መለጠፍ፣ ከዚያ በእጅ መንፊያ መንፋት ነው። ደጋው ላይ ደግሞ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጤነኛው ሰው እንኳ ጥቂት ገፍቶ ቁጭ ይላል።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ምጥ የጠናባትን ሴት ከዳባት ጭኖ ሲመጣ ሁለት ጎማ ተከታትሎ ተነፈሰበት። መንፊያው ውስጥ ያለችው ቆዳም ተቀደደች። ሴትዮዋ ኮሶዬ ሳይደርሱ መንገድ ዳር አረፈች። አባዬ ቤት ገብቶ እጁን እያገላበጠ ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ዕቃ መልቀም ጀመረ። ከወደቀ የጭነት ማኪና ላይ ለፍሬን አየር የሚሞላውን ኮምፕሬሰርና አየሩ የሚጠራቀምበትን በርሚል አገኘ። የወለቃ ቀጥቃጭ ማቀፊያ ብረት ሠራለት። ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጎን አስሮ፣ ሞተሩ ሲዞር አብሮ እንዲዞር ቺንጋ በሚባለው የጎማ ቀበቶ አገናኘው። በርሚሉን ከወለሉ ስር አንጠለጠለና ረጅም የጎማ ቱቦ ገጠመበት። ቁልፍ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

ጎረቤታችን በአጥር አንገቱን አስግጎ "ምነው፣ ለማኪናዋ ሳንባ ልትተክልላት ነው?" ብሎ ቀለደበት።

"አዎን" አለ አባዬ ቀና ሳይል። "የኔ ሳንባ አልበቃ አለ።"

ጎረቤታችን ሳቁን ዋጠ።

በርሚሉን ዝገት እንዳይበላው መቀባት ነበረበት። የተገኘው ቀለም ግን የወታደር አረንጓዴ ብቻ ሆነ። ሌላም ነገር አለ። የታመቀ አየር ውሃ ይቋጥራል። አባዬ ውሃውን ለማስወጣት ማኪና ባቆመ ቁጥር ከበርሚሉ ስር ያለችውን የመክፈቻ ገመድ ሳብ አድርጎ ትንሽ ያስተነፍሰዋል። ልማድ ሆኖበት ነበር። ለካ እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው የሚያስይዙት።

ያን ቀን እኔ ደባርቅ ወዳለችው አክስቴ ልሄድ አብሬው ተሳፈርኩ። ኮሶዬ ስንደርስ ጉም ወርዷል። ከዚያ በፊት ያልነበረ ኬላ ቆሟል። አባዬ አቆመ፣ ወረደ፣ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ገመዷን ሳበ።

"ፉሽሽሽ!"

ኬላ ጠባቂዎቹ በሙሉ መሬት ላይ ተነጠፉ። ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። አለቃቸው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከማኪናዋ ስር ሲያይ አረንጓዴውን በርሚል አገኘ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አየር ነው ጓድ።"

"አየር? እዚህ አገር አየር ጠፍቶ ነው በበርሚል ጭነህ የምታመጣልን?"

አንዱ ሳቀ፤ አለቃው ሲያፈጥበት ጸጥ አለ።

"ጎማ ልንፋበትና እዩት" አለ አባዬ።

"እንዳትነካው! እጅ ወደ ላይ!"

"ጓድ፣ ቦምብ ቢሆን ልጄን እላዩ ላይ አስቀምጬ እመጣለሁ?"

"እሱን ነው የምንጠይቅህ። ልጅ የያዘን ሰው ማን ይፈትሻል ብለህ ይሆናላ!"

አባዬ ወደ እኔ ዞሮ "ሹራብሽን ልበሺ" አለኝ። በእነሱ ማኪና ጭነውት ወደ ጎንደር ወረዱ። የተወሰደ ሁሉ እንደማይመለስ እኔም አውቃለሁ። ሹራቡን ለበስኩ፤ ብርዱ ግን አልለቀቀኝም።

ማኪናዋን እንዲጠብቁ የቀሩት አያ ደሴ ነበሩ። የኮሶዬ ገበሬ ናቸው፤ ጺማቸው ሽበት ጣል አድርጎበታል፤ ሚሊሺያ ሆነው ኬላ ይጠብቃሉ። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው ዘገኑልኝ።

"ብይ ልጄ። ባዶ ሆድ ለቅሶ ያበዛል።"

ብዙም ሳይቆይ ከደባርቅ በኩል ድንች የጫነች ፒክአፕ ጎማዋ ተንፍሶ አጠገባችን ቆመች። ሾፌሩ ጎማውን ለጥፎ በእጅ መንፋት ጀመረ። ይነፋል፣ ያስላል፣ ይቀመጣል። አያ ደሴ እሱን አዩ፣ በርሚሉን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። አየር ነው?"

"አየር ነው አያ ደሴ። ማርያምን!"

"አባትሽ ነግሮሽ ነው ወይስ አይተሻል?"

"እኔው የሰፈር ልጆችን ኳስ ነፍቼበታለሁ።"

አያ ደሴ ከዚያ ጠመንጃቸውን ራቅ አድርገው አስቀመጡ።

"እንግዲህ አየር ከሆነ አባትሽን ያስፈታዋል። ካልሆነም እኔ ልጆቼን ድሬያለሁ። አንቺ ከድንጋይ ካቡ ኋላ ሂጂ።"

"እኔ ላሳይዎት..."

"ሂጂ አልኩሽ!"

ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ። "ምናልባት... ለባለቤቴ ትሰጫታለሽ" አሉ።

የድንቹ ሾፌር ከእኔ ቀድሞ ካቡ ኋላ ደረሰ። "ኧረ አያ ይተዉት! በእጄ እነፋዋለሁ፤ ማን ቸኮለ?" እያለ ይጮሃል። እኔም "ቱቦውን ጎማው አፍ ላይ ይግጠሙት! አሁን መዝጊያዋን ወደ ግራ ያዙሯት!" እያልኩ እጮሃለሁ። አያ ደሴ አማተቡና አዞሯት።

ጎማው እንደ ተኛ በሬ እየከበደው ቀስ ብሎ ተነሣ።

"አየር ነው!" አሉ መዳፋቸውን ጎማው ላይ አድርገው። "ኧረ አየር ነው! ሸጋ አየር!"

ጎማው አልሞላም፤ ጎንደር ለመውረድ ግን በቃ። ከድንቹ ጆንያ መሀል አስቀመጡኝ። ጋቢያቸውን ላወልቅ ስል እጄን ያዙ። "አባትሽ ሲፈታ ታመጭልኛለሽ። ምስክሩ እኔ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። እናቴ ስንቅ ታመላልሳለች፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልን በሕይወት አለ እንላለን። አያ ደሴ ተራቸው ባልሆነ ቀን ሁሉ ከኮሶዬ በእግራቸው ወርደው እስር ቤቱ በር ላይ "ምስክር ነኝ" ይላሉ። "ሂድ ወደ ኬላህ" ብለው ይመልሷቸዋል። አንድ ቀን ዝናብ አብስሏቸው ቤታችን ሲገቡ እናቴ ለመነቻቸው።

"አያ፣ ይተዉት። በእኛ ጦስ እርስዎንም ይይዙዎታል።"

"እጄ የዳሰሰውን አፌ እንዴት ይካድ?" አሉ።

በመጨረሻ አንድ መርማሪ ቃላቸውን ተቀበለ። በርሚሉም ተፈትቶ ታየ፤ ባዶ ነው። አባዬ ሰኔ መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ከስቶ፣ ሳል ይዞ።

ጋቢውን አጥበን ይዘን አባዬና እኔ በአውቶቡስ ኮሶዬ ሄድን። ኬላው ላይ የማናውቃቸው ሰዎች ቆመዋል። የድሮዎቹ በሙሉ ወደ ጦር ግንባር ግዳጅ ሄደዋል አሉን። አያ ደሴም ሄደዋል። አባዬ መውጣቱን እንኳ አልሰሙም።

ጋቢውን ለባለቤታቸው ሰጠኋት። ልክ ከካቡ ኋላ ሲልኩኝ እንዳሉኝ። ተቀብላ አሸተተችው። ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው። ባናጥበው ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እስካሁን ወሬያቸው የለም። ስለዚህ ደስታዬ ሙሉ አይደለም፤ ሲስቁ በመሀል ትን እንደሚለው ዓይነት ነው። ቢሆንም ቅዳሜ ያንን "ፉሽሽ" ስሰማ ዘልያለሁ፤ አልዋሽም። እሁድ ደግሞ አባዬና እኔ በርሚሉን ነጭ ቀባነው።

ስጽፍ አይቶኝ አባዬ "ይህንንም ጨምሪበት" ስላለኝ እነሆ፦ በደባርቅ መንገድ የምታልፉ ሁሉ፣ ጎማ ከተነፈሰባችሁ መንፊያ ስትገፉ አትድከሙ። ከሆዷ ስር ነጭ በርሚል ያንጠለጠለች ማኪና ስትመጣ እጃችሁን አንሡ፤ ትቆምላችኋለች። ዋጋ አትጠይቁ፤ አየሩ የአያ ደሴ ነው።