የተረፋቸው ቋንቋ

ቴሙኮ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ጥቁር የሱፍ ሻላቸውን ደረታቸው ላይ በብር ማያዣ አያይዘውታል፤ የጭቃ ቦቲያቸው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ግራ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። በቀኙ ቀስ ብለው እያነሱ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ጭናቸው ላይ ያስተካክሉታል።

በነባሩ የማፑቼ ሕዝባችን ቋንቋ ሰላም ስላቸው ፊታቸው ፈካና በዚያው ቋንቋ ያወሩኝ ጀመር። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ኤልባ ግን ደነገጠች።

«ትሰሚያታለሽ? ስትሮክ ከመታት ወዲህ ስፓኒሽ ጠፍቶባታል። እኔን ደግሞ የራሳችንን ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ አላስተማረችኝም። ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብለን ስንተያይ ነው የምንውለው። አሁን ምን አለች?»

«‹ልጄ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ሂጂና ብዪ በያት› ነው የሚሉት።»

ኤልባ እንባዋ መጣ። «‹አለሁልሽ እማዬ› እንዴት ነው የሚባለው?»

ነገርኳት። እናቷ ጆሮ ሥር ተጠግታ እየተንተባተበች አለችው።

አሮጊቷ ወደ በሩ ገልመጥ አሉና በደህናው እጃቸው የልጃቸውን አፍ ከደኑ።

«ዝም በይ ልጄ! በቋንቋችን ስታወሪ መምህሩ ከሰማሽ ይገርፍሻል!»

«ምን አለች? ንገሪኝ እንጂ!» አለችኝ ኤልባ።

«እወድሻለሁ ነው ያሉሽ» አልኳት።