ከ«ፔሮ» በኋላ

እህቴ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ደውላ «እትዬ፣ አባባ አረፈ» ስትለኝ፣ እዚህ ሚላኖ የማስታምማቸው አሮጊት ሾርባዬን ቀምሰው «ጥሩ ነው፣ ፔሮ...» እያሉ ነበር። «ነፍሱን ይማር» አልኩ። ያቺ «ፔሮ» የምትል ቃል ግን ስንት ዘመን ወደ ኋላ ይዛኝ ሄደች።

ደርግ ወጣቱን እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚልክበት ጊዜ ነው። አዋሽ ጣቢያ የባቡር መካኒክ የነበረው አባቴ ታላቅ ወንድሜን ካሳን፣ ጨው አራግፎ ወደ ድሬዳዋ በሚመለስ ባዶ ፉርጎ ውስጥ ደበቀው። በሳምንቱ፣ ከፋሺስት ወረራ ወዲህ እዚያው የቀሩት ጣሊያናዊ መካኒክ ሙሴ ጂኖ ከድሬዳዋ መጡ። ወርክሾፑ ናፍጣና የጋለ ብረት ይሸታል። አባቴን «ልጁ ደርሷል፣ ፔሮ...» አሉና እኔን ሲያዩ ዝም አሉ።

«ፔሮ ምንድን ነው፣ ሙሴ?»

«‹ግን› ማለት ነው። ድሮ በላቲን ‹ስለዚህ› ነበር። ሰው ‹ስለዚህ አይደለም፣ ስለዚህ አይደለም› ሲል ሲል ‹ግን› ሆኖ ቀረ።»

«እሺ፣ ካሳስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ውሃ ቅጂ!» አለ አባቴ።

የቃሉን ዘር ማንዘር ቆጥረውልኝ የወንድሜን ወሬ ዋጡት! አባቴም እስኪያርፍ ድረስ ስጠይቀው መልሱ «ጸልዪ» ብቻ ነበር። እጸልያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ የካሳን ስም ከሕያዋን ጋር ላንሳው ከሙታን እስካሁን አላውቅም።

ያኔ ጣቢያው ላይ የነበራችሁ፣ ሙሴ ጂኖ ሊሉት የነበረውን የምታውቁ፣ እባካችሁ ጨርሱልኝ። ለካሳ ተዝካር ላውጣለት ወይስ ስለት ልሳልለት?