ከመገነዣ የተቀደደ ጥብጣብ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጋሽ ደምሌ መፍቻ ቁልፍ አልሰጡኝም። “ጣትህን አምጣ” አሉና አንድ የተነፈሰ ጎማ ውስጥ ከተቱልኝ። “ዙሪያውን ዳብስ። እሾሁን ሳታገኝ እንዳታወጣ።”

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ቢስክሌት የሚጠግኑ እሳቸው ነበሩ። የፎገራ ሜዳ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ስለሆነ ፍሬን የሚይዝ እምብዛም የለም፤ ሰው እግሩን መሬት አስነክቶ ይቆማል። ጎማ የሚያፈነዳውም እሾህ ነው። ስለዚህ ጋሽ ደምሌ ለበሽታው ሁሉ አንድ ስም ነበራቸው፦ እሾህ።

ራጂ የምንላቸው ቀጫጭን ሽቦዎች ጫፋቸው የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ እንዳይወጋው ቸርኬ በሚባለው ክብ ብረት ላይ ጥብጣብ ይጠመጠማል። ዋናው ስለማይገኝ እኛ መብራት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ናስትሮ እንጠመጥም ነበር። ለሜዳ ይበቃል።

ከዚያ አስናቀች መጣች። ከአዲስ አበባ የተመደበች የከብት ክትባት ሠራተኛ ናት፤ ገበሬው ግን “ዶክተር” ይላታል፣ እሷም ማስተባበሉ ሰልችቷት ትታዋለች። ቢስክሌቷን አይሱዙ ላይ ጭና ከሜዳው በላይ ዳገቱ ላይ ወዳለችው ዓለም በር ትወጣለች፤ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ከኋላዋ አስራ ቁልቁለቱን እየወረደች በየመንደሩ ትከትባለች። ጎማው ቁልቁለቱ ላይ ይፈነዳል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ መድኃኒቱ ይበላሻል። አንድ ቀን ጉልበቷ ተልጦ ቢስክሌቷን እየገፋች ደረሰች።

“ጋሼ፣ አንዴ ከደገመኝ ሣጥኑን አስረክቤ ቢሮ እገባለሁ። የላይኞቹ ከብቶች ሳይከተቡ ሊቀሩ ነው። ግን እኔም ነፍስ አለኝ።”

“እሾህ ነው፣ ልጄ።”

“ሁልጊዜ እዚያው ቁልቁለት ላይ የሚጠብቀኝ እሾህ?”

በማግሥቱ ጋሽ ደምሌ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቢስክሌቷን አይሱዙ ላይ ጫኑ። ባለቤታቸው እማማ የሹምነሽ “በስተርጅና አበዱ” እያሉ ሸኟቸው። ዓለም በር ላይ ቢስክሌቷን አውርደው ተቀመጡባት። እኔና አስናቀች በመኪናው ከኋላቸው ወረድን።

ፍሬኑን አንቀው ይዘው ነበር። መንገዱን ሳያጋምሱ ጎማው ፈነዳ። እንደምንም ቆሙ፤ እንደ ልማዳቸውም እሾህ ሊፈልጉ ቸርኬውን ጨበጡት። ወዲያው ለቀቁትና መዳፋቸውን ማራገብ ያዙ።

“ዶክተር፣” አሉ፣ “እሾህሽ እሳት ሁኖ ተገኘ።”

ጎማውን ስናወልቅ ናስትሮው ሙጫው ቀልጦ ወደ ጎን ሸሽቷል፣ የራጂዎቹ ጫፍ ተገልጧል። የከመነዳሪው ቀዳዳ ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ቸርኬው በኩል ነበር። ፍሬን ቸርኬን ሲያሽ እንደሚያግለው ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ከየት ይወቀው?

ሙቀት የማያቀልጠው ስስና ጠንካራ ጨርቅ አስፈለገ። ጋሽ ደምሌ ቤት ገብተው ከሣጥናቸው ሥር አቡጀዲ አወጡ።

እማማ የሹምነሽ በር ላይ ቆሙ። “መገነዣዎን ነው ወይ ለጎማ የሚቀድዱት?”

“የምገነዝበት እኔ፣ የምትቆጪው አንቺ። ገና መች ሞትሁ።”

ከጠርዙ ለሁለቱም ጎማ ቀደዱ። አጥፈን ሰፋነው፤ ቸርኬው ላይ አጥብቀን ጠመጠምነው። አስናቀች ዓለም በር ወጥታ ወረደች፤ ስትመለስ ሣጥኑ ውስጥ ከበረዶ በቀር ምንም አልነበረም። ክትባቱን በሙሉ ከትባ ጨርሳለች። ጋሽ ደምሌ ቸርኬውን በጣታቸው ጫፍ ነክተው ሳቁ። እኔም እንደዚያ ቀን በሥራዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ከተበች። ጥብጣቡ በነተበ ቁጥር እሳቸው ከዚያው አቡጀዲ ይቀድዱላት ነበር።

ጋሽ ደምሌ ሲያርፉ አቡጀዲው ጠበበ። ደረታቸው ላይ አልገጥም አለ። አስናቀች እያለቀሰች ሌላ ልትገዛ ተነሣች፤ እማማ የሹምነሽ እጇን ያዟት።

“ተይው፣ ልጄ። የጎደለው የት እንዳለ እሳቸው ያውቁታል።”

ያችኑ ወገባቸውን ያሰሩባትን ነጠላ ደረብንላቸው።

ለሥራው አዲስ የሆናችሁ፣ ጎማ ሲፈነዳ ቀዳዳው ወደ የት እንደሆነ እዩ። ወደ መሬት ከሆነ እሾህ ፈልጉ። ወደ ቸርኬ ከሆነ ባለቤቱ የሚወርድበትን መንገድ ሄዳችሁ እዩ።