የእህቷ ወንበር

ልብስ ሰፊው ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ትልቋን ገና የሕክምና ትምህርት ሳትጀምር «ዶክተሬ» ይላት ነበር፤ ታናሿን ቤተሰቡ ሁሉ «ጭምቷ» ይላታል። ዶክተሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ማጅራት ገትር ሳይታሰብ ወሰዳት።

በዚያው ዓመት ጭምቷ ጥሩ ውጤት አምጥታ የምትማረውን ልትመርጥ ሆነ። ልቧ ጂኦሎጂ ላይ ነበር። አባቷ ስፌቱን አቁሞ ስፒሎቹን ከከንፈሩ አወጣና፣

«የእህትሽ ወንበር ባዶ አይቅር፣ የኔ ልጅ» አላት።

እምቢ የምትልበት አንጀት አጣች።

ሕክምና ከባድ ነው ሲባል ሰምታለች። የማደሪያ ጓደኞቿ ሲሸመድዱ ውለው ዓይናቸው ደም ይመስላል። እሷን ግን መምህሩ ሲጠይቃት መልሱ ከግራ ጆሮዋ በኩል ይመጣላታል፤ በእህቷ ድምፅ፣ በዚያ አፍንጫዋ የታፈነ በሚመስል፣ ችኩል ድምፅ። የእሷ ሥራ መድገም ብቻ ሆነ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። አባቷ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሁሉ አወራ።

አንድ ቀን ለትምህርት የተዘጋጀ አስከሬን ላይ ጎንበስ ብለው ሲማሩ መምህሩ፣ «አንቺ እኮ ቁርጥ እህትሽን ነሽ!» አላት። ማሞገሱ ነበር። እሷን ግን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃት። ለሚቀጥለው ጥያቄ ሆን ብላ ልትሳሳት ሞከረች። አፏ እምቢ አላት፤ ትክክለኛውን መልስ ተናገረ።

ጓንቷን አውልቃ ወጣች። በሳምንቱ ጂኦሎጂ ገባች።

«ሰው ከሐኪምነት ወርዶ ድንጋይ ለቃሚ ይሆናል?» አለ አባቷ። ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ ሆነ።

ቀላል ነው ያሏት ትምህርት ቁምስቅሏን አሳያት። መዶሻ ይዛ ገደል ለገደል ስትንከራተት ውላ፣ የቋጥኙ ንብርብር የትኛው የትኛውን እንደሚቀድም ግራ ይገባታል። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ ምንም የለም። ወረቀቱን ታቅፋ በደስታ አለቀሰች፤ ስሕተቱ የራሷ ነበርና።

እየወደቀች እየተነሣች ተመረቀች። የውኃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ሰዎች ጋር ሥራ ይዛ ጥቂት ዓመታት እንደሠራች አባቷ አስጠራት። ስትደርስ የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል።

«አንቺ ስትተያት ወደኔ መጣች» አላት። «ስሰፋ አጠገቤ ታነባለች።»

ስለ ድምፁ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

«ምን ትላለች፣ አባዬ?»

ምላሱ እየተሳሰረ የሰማቸውን ቃላት ደገመላት። የአራስ ሕፃናት በሽታዎች ናቸው። ይህን የቀድሞ የማደሪያ ጓደኞቿ ኋላ ሲያጠኑት ሰምታለች እንጂ እሷም እህቷም አልደረሱበትም።

«ይሄ እኮ ከፍ ያለ ክፍል ትምህርት ነው። እሷ ሁለተኛ ዓመት ላይ አይደል...»

«ቀጥላለቻ!» አለ አባቷ፤ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታልፍ ይሆን?» ሲል ጠየቃት።

«ታልፋለች፣ አባዬ።»

ጨርቁን ከመኪናው ላይ አነሣና፣ እንዳይረብሻት ፔዳሉን ቀስ አድርጎ እየረገጠ መስፋት ጀመረ።