ይርጋነሽ ቅኔ አታውቅም

የዕድራችን ሰብሳቢ ይርጋነሽ አፏ ክዳን የለውም። ይህን የማያውቅ የቢቸና ሰው ካለ ትናንት የመጣ ነው። አንድ ሹም ስብሰባ ጠርቶ ስለ ውሃው ነገር ሲያሽሞነሙን፣ ብድግ ብላ፣ «ጌታዬ፣ ቅኔውን ለቆሎ ተማሪ ይተዉት። ውሃው ይመጣል ወይስ አይመጣም?» ያለች እሷ ናት። ሙሾ ስታወርድም ያው ናት። ሰምና ወርቅ ብሎ ነገር የለም፤ ሟቹ ሰካራም ከነበረ ሰካራም ነበር ትላለች። እኔ ጎረቤቷ ስንቴ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብያለሁ መሰላችሁ!

ጦርነቱ መንገዱን የዘጋ ሰሞን ከሞጣ ክፉ ወሬ መጣ። እዚያ በግንበኝነት የሚሠራው የጎረቤታችን የአምሳለች ልጅ ይታገስ፣ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ተኩስ መሃል ወድቆ እዚያው ተቀብሯል። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር። ዘመዶቿ ያሉት መርጡለ ማርያም ነው፤ መምጣት አልቻሉም። እስኪመጡ ድረስ ሁላችንም «ትንሽ አሞት ሞጣ ሐኪም ቤት ተኝቷል» አልናት።

«ኧረ ንገሯት!» አለች ይርጋነሽ።

የዕድሩ ሽማግሌ አያ ሰማው ተቆጧት። «ብቻዋን ናት። ወጉ ይጠበቅ» አሉ። እሷም እየተቃጠለች እሺ አለች።

አንድ ጠዋት አምሳለች መናኸሪያ ናት፣ የተዘጋውን መንገድ ደፍሮ ሞጣ በሚሄድ አይሱዙ ልትሳፈር ነው ተባለ። ያን ዕለት መንገዷ ላይ ባለው በደብረ ወርቅ በኩል ተኩሱ ከማለዳ ጀምሮ ይንጣጣል። እየሮጥን ደረስን። በሶና ብርድ ልብስ ይዛለች፤ ልጇን ልታስታምም እኮ ነው!

«አምሳለች፣ ቆይ እስቲ፣ ሻል ብሎታል አሉ» አሏት አያ ሰማው።

«ሻል ካለውማ ይዤው እመጣለሁ» ብላ እግሯን ጎማው ላይ አሳረፈች። በገዛ አፋችን ልንገድላት ነው።

ይርጋነሽ የአምሳለችን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች።

«ውረጂ። ይታገስ ሞቷል።»

«ምን አልሽ?»

«ሞቷል። ሞጣ ተቀብሯል። እዚያ የሚጠብቅሽ የለም።»

አያ ሰማው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አምሳለች ወረደች። ትጮሃለች ስል በሶዋን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። መናኸሪያው በር ላይ ታጣቂዎች ቆመው ነበር፤ አንደኛው ወደ እኛ መጣና «ምንድን ነው? ተበተኑ!» አለ።

«ይርጌ» አለች አምሳለች፣ እሱን እንዳልሰማች ሆና፣ «አንቺ አልዋሸሽኝም። እንግዲያው አልቅሺልኝ።»

ይርጋነሽ ሙሾውን አነሳች፦

«ጠመንጃ አልያዘም፣ ዳቦ ነው የያዘው፤»

ታጣቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ይርጋነሽ ቀጥ አለች። ያቺ ለሹም የማትመለስ ሴት ቀጣዩን ስንኝ ዋጠችው። አልፈርድባትም፤ እኔማ አያ ሰማው ጀርባ ተሸሽጌአለሁ።

ዜማውን የተቀበለቻት አምሳለች ናት። ገበያ ወጥታ እንኳ ዋጋ ቀንሱልኝ ማለት የምታፍር ሴት፣ ታጣቂውን ዓይን ዓይኑን እያየች ጨረሰችው፦

«ተኩሱበት ብሎ፣ ማን ነበር ያዘዘው?»

ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው ታጣቂው ነው።