ፀጋዬን የገደለው ጉርሻ

እህተማርያም ወንድሟን የገደለው ደግነት ነው ስትል የሰማት ሁሉ ይደነግጣል። እሷ ግን ቃሏን አታጥፍም። በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ከአንድ የሕንድ ሱቅ ጓሮ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ስትናደድ የስፌት መኪናውን ፔዳል እንደ ጠላት አንገት ትረግጠዋለች፤ ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ ደግሞ ሳትናደድ የዋለችበት ቀን የለም።

ፀጋዬ ታናሿ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቀበሌ እስር ቤት ጎኑ ተሰብሮ ሲወጣ፣ የአንገት ወርቋን ሸጣ በጭነት መኪና፣ በጆንያ ሥር ሸሽጋ በሞያሌ አሻገረችው። ጥይቱም፣ በረሃውም፣ ወባውም አልገደሉትም። የገደለው ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሳቅና በጨዋታ መሃል፣ አንዲት ደግ ሴት ጠቅልላ ያጎረሰችው ፍትፍት ነው።

ደጓ ሴት ወይዘሮ ሙሉመቤት ናት። ባሏ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሹፌሮች አለቃ ነው፤ የሀገር ልጅ ርቦት ከደጇ ተመልሶ አያውቅም። በዚያ ፍልሰታ ለጾሙ ሱፍ ፍትፍት አማራት። ናይሮቢ ሱፍ ከየት ይመጣል? እዚያ ካራንጋ የሚሉትን ለውዝ ገዛች፣ ቀቀለች፣ ወቀጠች፣ በውሃ በጥብጣ አጠለለችና እንጀራውን ፈተፈተችበት። ነጭ ነው፤ ለዓይን ከሱፍ አይለይም። ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው ሽታውን ዋጡት። ስሙንም ሱፍ አለችው።

ፀጋዬ ለውዝ እንደማይስማማው ያውቃል። በልጅነቱ ቀምሶ ከንፈሩ አብጦ፣ ገላው ሽፍ ብሎበት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አጠገቡም አይደርስም። የዚያን ቀን ጉርሻው አፉ ሥር ሲደርስ ምን እንደጠረጠረ እንጃ፣ ወደኋላ አለ።

«እትዬ ሙሉመቤት፣ ምን ምን አለበት?»

«ምን ይኖርበታል? መርዝ አድርጌልህ ይሆን?» አለች እየሳቀች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ደርግ እንኳ ያልቻለህን እሷ ልትችልህ ነው?» አለ አንዱ። እኛ ዘንድ የቀረበን ማዕድ ምን አለበት ብሎ መጠየቅ ባለቤቷን ገዳይ ማለት ነው። ፀጋዬ አፈረ። አፉን ከፈተ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመችው።

ጉሮሮው መከርከር ሲጀምር፣ ፊቱ ሲያብጥ፣ ትንፋሹ እንደ ፉጨት ሲሆን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ሐኪም ቤት እንውሰደው ያለ አልነበረም። ቡዳ በላው አሉ። ጤና አዳም አሸተቱት፣ ጠበል ረጩት፣ ክርታስ አጨሱበት። እህተማርያም ተጠርታ ከሥራዋ ስትደርስ ወንድሟ አየር እያጣ በጭስ ታፍኗል፤ የሙሉመቤት ባል መኪና ግን ደጅ ቆሟል። ተጭኖ መንገድ ላይ ሞተ።

የሐኪም ቤቱ ሐኪም አስቀምጦ ነገራት። ሰውነቱ ለውዙን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ነው የሞተው፤ ለዚያ ደግሞ ጥቂቱም ይበቃል፤ በጊዜው አንድ መርፌ ቢወጋ ይተርፍ ይሆናል። ይተርፍ ይሆናል! ይህች ቃል ናት እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሳቻት።

ፀጋዬ ሠናይት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ትቷል። እናቷ ለሥራ ጅዳ ናት፤ አሁን የምታሳድጋት እህተማርያም ናት። ትምህርት ቤት የለውዝ ከረሜላ ቀምሳ ከንፈሯ ያበጠው አባቷ በሞተ በወሩ ነው። እህተማርያም ይዛት ወደዚያው ሐኪም ሮጠች። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ብልቃጥና መርፌውን ሰጥቶ ጭኗ ላይ እንዴት እንደምትወጋት አሳያት። ትንፋሽ ካጠራት መጀመሪያ ውጊያት፣ ከዚያ የተሻላት ቢመስልሽም አምጫት አላት። ትለምደዋለች ብለሽ በትንሹ እንዳትሞክሪባት፣ ለውዝ የነካ ቢላዋም ለውዝ ነው ብሎም አስጠነቀቃት። እህተማርያም ቃሉን እንደ ዳዊት ደገመችው፤ የሀገሯ ሰው ግን «ልጅቷን በፍርሃት ልታሳድጋት ነው» እያለ ያማት ጀመር።

ዓመቱ ዞሮ ፍልሰታ ሲገባ ሽምግልና መጣባት። አቶ አስቻለው፣ ስደተኛውን ሁሉ ሲያጋቡና ሲያስታርቁ የኖሩት አዛውንት፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ቆሙ።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ አልሰማሽም፣ ልጄ?»

«ጋሽ አስቻለው፣ እኔ ሳልም ቂምም ይዤ አይደለም። ልጅ ይዤ ነው።»

«እኮ ከነልጅሽ ነይ። ሙሉመቤት ታጉርሳት፣ አንቺም ጉረሺ፣ ይብቃ።»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን ልጅቷ በዚህ ሰው መሃል ነው የምታድገው። ሄደች።

ሙሉመቤት በሩ ላይ ቆማ እያለቀሰች ተቀበለቻቸው። «ዘንድሮ ተልባ ነው፤ ከሀገር ቤት ያስመጣሁት። ዛሬ ለውዝ የሚባል ምድጃዬ አጠገብ አልደረሰም፣ በማርያም!» አለች። ሽማግሎቹ መረቁ። ጠቀለለች። እጇን ወደ ልጅቷ አፍ ዘረጋች። እህተማርያም አየር ላይ አንጓዋን ያዘቻት።

«ተልባውን በምን ወቀጥሽው?»

አንቺ ስትላት ቤቱ አጉረመረመ፤ ሙሉመቤት የእናቷ እኩያ ናት።

«በሙቀጫ ነዋ!»

«በየትኛው?»

«ስንት ሙቀጫ አለኝ ደግሞ?»

«ለውዝ የወቀጥሽበት ነዋ!»

«አምና እኮ ነው! ታጥቧል!»

«ከዚያ ወዲህስ?»

ሙሉመቤት እጇ ላይ ያለውን ጉርሻ አየች። «ባለፈው ሳምንት... ለባሌ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ለውዝ...» አለች።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አሉ አቶ አስቻለው። «በሙቀጫ እርቅ ይፈርሳል?»

«በሙቀጫ ሰው ይሞታል!» እህተማርያም ጮኸች። «ወንድሜን ሳቃችሁ ገደላችሁት! ምን አለበት ብሎ ጠየቀ፤ ሳቃችሁበት! እንጨት ነው፣ ሙቀጫ፤ የጠጣውን አይተፋም። ይቺንም ቅበሩልኝና ቂም አትያዢ በሉኝ!»

ጉርሻው ከሙሉመቤት እጅ ወደቀ።

«ታዲያ ምን ላብላት?» አለች፣ ድምፅዋ ሟሽሾ። «ቤቴ መጥታ ጦሟን ትዋል?»

«ሙዝ አለሽ?»

«አለ።»

«እጅሽን ታጠቢ። በሳሙና። ውሃ ብቻውን አይወስደውም።»

የቤት እመቤትን፣ ያውም በሽማግሌ ፊት፣ እጅሽ ቆሽሿል ማለት! አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሙሉመቤት ግን ተነሳች። ከጓዳ የውሃው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ ተመለሰችና ሙዙን ልጣ ቆረሰች። ልጅቷ ወደኋላ አለች።

«ካራንጋ ነክቶታል?»

ከዚያ ሁሉ ሰው የሳቀ የለም።

«አልነካውም፣ የኔ እናት» አለች ሙሉመቤት። «አልነካውም።»

ሠናይት ጎረሰች።

«እሰይ!» አሉ አቶ አስቻለው እጃቸውን አጨብጭበው። «ተመስገን፣ ታረቃችሁ! በይ እህተማርያም፣ አንቺም ጉረሺ።»

«ልጅቷ በላች እንጂ እኔ መች ታረቅሁ?»

ቦርሳዋን ከነመርፌው ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ሠናይት ከንፈር ላይ ተከለች። ወጡ ቀዘቀዘ። ሙሉመቤትም ማዕዱን ትታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ እሷም እዚያው ከንፈር ላይ አፈጠጠች። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ አልተያዩም።