በዱቄት ሙጫ የወፈረ ሻሽ

«አራት እጥፍ ካልሆነ ዛሬ ማጠቢያ ቤቱ አልገባም» አሉ እትዬ በለጡ። የቀቀሉትን የአፍ መሸፈኛ በሱቁ በር ብርሃን ላይ ዘርግተው በውስጡ ያዩኛል። እኔም በዚያው ጨርቅ ውስጥ ዓይናቸውን አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ለማንም፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን፣ ተናግሬ አላውቅም። ለአንተ ለማታውቀኝ ልናገር።

መሳለሚያ አጠገብ በጋሼ መርጊያ ሱቅ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ያ የሳልና የትኩሳት ወረርሽኝ ከተማው ውስጥ ሲገባ ከአንድ ሆስፒታል ትእዛዝ መጣልን፤ ለአጣቢዎችና ለጽዳት ሠራተኞች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ከሻሽ፣ አራት እጥፍ። ሻሽ ግን ከመርካቶ ጠፍቷል። እጃችን ላይ ያለው ለግማሹ እንኳ አይበቃም። ጋሼ መርጊያ ጨርቅ ፍለጋ ሲዞሩ እኔ ዘዴ አገኘሁ። ለርካሽ ሸሚዝ ኮሌታ እንደምናደርገው፣ በአራት ፋንታ ሁለት እጥፍ ብቻ አድርጌ፣ ቀጭን የዱቄት ሙጫ አጠጥቼ በካውያ ተኮስኩት። ደርቆ ወፈረ። ጋሼ ሲመለሱ በጣታቸው አሽተው መረቁኝ። ማን አዘዘኝ? ማንም። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ለማጽዳት ሲቀቀል ሙጫው እንደሚለቅ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

እትዬ በለጡ የግቢያችን ሰው ናቸው፤ የሆስፒታሉን አንሶላ ያጥባሉ። ያሳሳው የእርስዎ ሳሙና ነው አልኳቸው። እርስዎ ሲያሹት እንኳን ሻሽ ቆዳም አይተርፍ ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም። አብራቸው የምታጥበው ሴት መታመሟን፣ እሳቸውም ሦስት ልጆች እንዳሉባቸው ነገሩኝ። ከዚያ ጥፍራቸውን ስፌቱ ላይ አደረጉ፤ ተርትረው ሊቆጥሩት። ከተረተሩት ሌላ የለኝም፣ ያለ መሸፈኛ ይቀራሉ አልኳቸው።

ጥፍራቸውን አነሱ።

«ማርያምን በለኝ፣ ልጄ።»

«ማርያምን፣ አራት ነው።»

በሳምንቱ ተኙ። አልተነሡም። ለለቅሷቸው ሙሾ ገጠምኩ። አልቃሿ ስታወርደው ግቢው ተንሰቀሰቀ፤ ግጥሙን አደነቁልኝ። ቃል መራጩ እኔ፣ በቁማቸው ልነግራቸው የሚገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ሁለት» የሚል። እሱን አልሰጠኋቸውም። ሌሎቹን መሸፈኛዎች ማን ማን አፉ ላይ እንዳሰራቸው አላውቅም። አልጠየቅኩም።

አራት ቢሆንስ ይተርፉ ነበር? አንዳንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ውስጥ ገብቼ እደበቃለሁ። ግን እሳቸው አልገባም ብለው ነበር። ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ጨርቅ ወደ ብርሃን ሳነሣ ከወዲያ በኩል ሰው ያየኛል። ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተ የምትምረው በደል አይደለም።

ከማልኩ በኋላ ያደረጉትን ብቻ ስማኝ። ስለ ተጠራጠሩኝ ይቅርታ ጠየቁኝ። መሸፈኛውን እዚያው ፊቴ አድርገው ማሰሪያውን ከኋላ ቋጠሩ። ወጡ። ንፋስ ነበር፤ የቆረጥኩት ጨርቅ ላይ አቧራ እንዳይገባብኝ ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉልኝ።